አጋምና ምረንዝ፤ የዱር ተክልን ስለ መለየትና ስለ መብላት

«ያላወቁ አለቁ» ይላል ያገራችን ተረት። ይህን ቃል ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆንሁ በኋላ ነው፤ ያስረዳኝም መጽሐፍ ሳይሆን አንድ እረኛ ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ ዕረፍት ማለቂያ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ወደ አንድ የወይና ደጋ መንደር ሄደን ነበር። ኮረብታውን ስንወጣ ቀትር ሆነ፥ ስንቃችንም አለቀ። ከመንገዱ ዳር ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፥ ፍሬው የጠቆረ ቁጥቋጦ አየሁና «አጋም!» ብዬ ጮህሁ። ቅርንጫፉን ስሰብረው ነጭ ወተት አወጣ፤ አጋም ወተት እንዳለው አውቅ ስለ ነበር ይህ ይበልጥ አደፋፈረኝ። ፍሬውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ፍየል የሚጠብቅ፥ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው፥ አንድ ልጅ ከወደ ላይ ሮጦ መጣና እጄን መታው።

«ጋሼ፥ እሾህ የለውም እኮ! እሾህ የሌለው አጋም የት ያውቃሉ?» አለኝ።

ቁጥቋጦው ምረንዝ ነበር፤ አዳኞች ፍላጻቸውን መርዝ የሚቀቡበት ተክል ማለት ነው። እኔ የቅጠልን ውስጠኛ አሠራር በወረቀት ላይ ሥዬ ከፍ ያለ ማርክ ያገኘሁ ሰው ነኝ፤ ያ ልጅ ግን ቅጠሉን ያውቀዋል። በዕውቀትና በማርክ መካከል ያለውን ርቀት የዚያን ዕለት ለካሁት።

ማታ ያደርነው በልጁ አያት ቤት ነው። እሳቸው ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት ከእኛ ዐይን ሊሰውሩት ሞከሩ። «እማማ፥ ምን እየሠሩ ነው?» ብንላቸው፥ «ኧረ ተዉኝ ልጆቼ፥ ይህ ለእንግዳ የሚቀርብ አይደለም፤ ሳማ ነው» አሉና አንገታቸውን ደፉ። እኛም ለምነን በላን። ጣፋጭ ነበር። ይሁን እንጂ የሴትዮዋ ማፈር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

በዚያ አንድ ቀን ሁለት ነገር ተማርሁ። ፊተኛው፥ የተክል ስም ማወቅ ተክሉን ማወቅ አለመሆኑን ነው። ሁለተኛው፥ ይህን ዕውቀት የያዙት ሰዎች የድኻ ምግብ ነው እየተባሉ በዕውቀታቸው እንዲያፍሩ መደረጋቸውን ነው። ሰው ያፈረበትን ነገር ለልጁ አያስተምርም፤ ያልተማረ ልጅ ደግሞ አንድ ቀን ተርቦ ወደ ቁጥቋጦ እጁን ይዘረጋል። ስለዚህ ይህን ትምህርት ለጓደኞቼ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

1ኛ፤ ምልክትን በአንድ ሳይሆን በሦስት

አጋምና ምረንዝ ባንድ ቤተ ሰብ የሚቆጠሩ ዘመዳሞች ናቸው። የሁለቱም ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ ሁለቱም ሲሰበሩ ነጭ ወተት ያወጣሉ፤ የሁለቱም አበባ ነጭ ሆኖ ቀላ ያለ መልክ አለው፥ መልካምም ይሸታል፤ የሁለቱም ፍሬ ሲበስል ይጠቁራል። እንግዲህ «ወተት አለው፥ ፍሬውም ጥቁር ነው» ብሎ የሚፈርድ ሰው እንደ እኔ ይሳሳታል።

የሚለዩት በሚከተለው ነው። አጋም በቅርንጫፉ ላይ ጠንካራና ሹል እሾህ አለው፤ ምረንዝ እሾህ የለውም። የምረንዝ ቅጠል ወፈር ያለና እንደ ቆዳ የደነደነ ነው፥ ጫፉም ሹል ነው። የምረንዝ ፍሬ ብዙ ጊዜ ከአጋም ፍሬ ይበልጣል። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም፤ ቁጥቋጦውን ዞሮ ብዙ ቅርንጫፍ መመልከት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ተጠጋግተውና ተጠላልፈው ሊበቅሉ ይችላሉና። የበሰለውን የምረንዝ ፍሬ የሚበሉ ሰዎች ባንዳንድ አገር አሉ፤ ያልበሰለው ግን መርዝ ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ለጀማሪዎች ደንቡ አጭር ነው፤ እሾህ ካላየህ አትብላ።

መርዙ የሚሠራውን ሥራ ሳይንስ ገልጦታል። በ1888 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አርኖ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከምረንዝ ወገን ከሆነ ዛፍ ዋባይን የተባለውን መርዝ ለይቶ አወጣ። ስሙ የፍላጻ መርዝ ከሚጠራበት «ዋባዮ» ከሚለው የሶማሊኛ ቃል የተወሰደ ነው። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ቅርፊት ላይ ሶዲየምን ወደ ውጭ እያወጣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚያስገባ እንደ ፓምፕ ያለ ነገር አለ። ዋባይን ይህን ፓምፕ ይቆልፈዋል፤ በዚህም የልብ አመታት ይዛባል፥ መጠኑ ሲበዛም ልብ ቀጥ ይላል። የንስ ስኩ የተባለው ዴንማርካዊ ይህን ፓምፕ በ1957 አስታወቀ፤ ከዚያ በኋላ ማንነቱን ለማረጋገጥ የረዳው ይኸው ዋባይን ነበር፤ በ1997ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። እረኛው በሦስት ቃል የነገረኝን ነገር ሊቃውንቱ በዚህ መንገድ አብራሩት ማለት ነው።

2ኛ፤ ስም ያሳስታል

በብዙ ያገራችን ክፍል ሁለት በጣም የተለያዩ ተክሎች «ቁልቋል» በሚል ባንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የሚያድገው ያገራችን ዛፍ ነው። የሱ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ዐይን ውስጥ ከገባም እስከ መታወር ያደርሳል፤ ስለዚህ ለመብል አይነካም። ሁለተኛው ከአሜሪካ አህጉር የመጣው፥ እንደ መዳፍ ጠፍጣፋ የሆነው፥ በትግራይ ፍሬው በለስ የሚባለው ነው። እሱ ነጭ ወተት የለውም፥ ፍሬውም ጣፋጭ ነው። በለስ ሲለቀም ዐይን የማያየው ደቃቅ እሾህ ስላለው በሣር ወይም በአሸዋ ላይ ማንከባለል፥ ከዚያም ሁለቱን ጫፍ ቆርጦ ልጣጩን መሰንጠቅ ነው። ፍሬው ብዙ ከተበላ ሆድ ያደርቃል።

ደግሞም አንዱ ተክል ባንድ አገር ብዙ ስም አለው። አጋም በኦሮምኛ ሀገምሳ፥ ምረንዝ ደግሞ ቀራሩ ይባላል። ካንድ አውራጃ ወደ ሌላ የሄደ ተማሪ በስም ብቻ ቢጠይቅ በስም ብቻ ይመለስለታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ተክሉን በእጅ ይዞ፥ «ይህን ምን ትሉታላችሁ? ምኑ ይበላል? መቼ? እንዴት?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

3ኛ፤ የትኛው ክፍል፥ በየትኛው ጊዜ

«ይህ ተክል ይበላል» ማለት ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ነው። አውጥን እንመልከት። በየማሳው ዳርና በየጓሮው የሚበቅል፥ አበባው ነጭና ትንሽ፥ ፍሬው ባንድ ዘለላ የተሰበሰበ ነው። ፍሬው ሲጠቁር ልጆች ይለቅሙታል፤ ለጋ ቅጠሉም እየተቀቀለ ይበላል። አረንጓዴው ፍሬ ግን ሶላኒን የተባለ መርዝ ስላለው ያስመልሳል፥ ሆድ ያሳምማል። እንግዲህ በዚያው ዘለላ ላይ ምግብና መርዝ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሱ ዘመድ የሆነው እምቧይ ደግሞ እሾሃም ነው፤ ፍሬው ብጫ ሆኖ ሲያምር ቢታይም አይበላም።

ቀጋም እንዲሁ ነው። ቀጋ የጽጌረዳ ወገን የሆነ ያገራችን ተክል ነው፤ እሾሁ እንደ ጥፍር የጎበጠ፥ አበባው አምስት ቅጠል ያለው፥ ፍሬው ሲበስል ብርቱካን መሳይ ቀይ ነው። የሚበላው የውጭው ሥጋ ብቻ ነው። ውስጡ ያሉት ፍሬዎች ደቃቅ ጠጉር ስላላቸው ጉሮሮን ይከረክራሉ፤ ስለዚህ ሰንጥቆ ማራገፍ ያስፈልጋል። የቀጋ ወገን ፍሬዎች በቫይታሚን ሲ የታወቁ ናቸው።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው እንጆሪ ነው። ፍሬው ከብዙ ትናንሽ ዶቃዎች የተገጣጠመ ይመስላል፤ ግንዱም እሾሃም ነው። ሾላና ኮሽምም የሚታወቁ ናቸው። ሾላ ሲበላ ከፈት አድርጎ ትል እንደሌለበት ማየት ደግ ነው። ኮሽም እሾሃም ዛፍ ሆኖ ፍሬው ብጫ ነው፤ ጎምዛዛነቱ ግን ጥርስ ያጠርሳል።

4ኛ፤ አሉማና አስተናግር

ከአጋምና ከምረንዝ ቀጥሎ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ይህ ነው። አሉማ በክረምት በየማሳውና በየቆሻሻ መጣያው ዳር የሚበቅል ቅጠል ነው፤ ለጋው እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። ነገር ግን በዚያው ስፍራና በዚያው ወራት አስተናግር ይበቅላል። አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። ሁለቱ ገና ቡቃያ ሳሉ በችኮላ የሚለቅም ሰው ሊያደባልቃቸው ይችላል።

የአሉማ ቅጠል ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ዘሩም ደቃቅ ሆኖ በጫፉ ላይ እንደ ዘለላ ይወጣል። የአስተናግር ቅጠል ጠርዙ ወጣ ገባ ሆኖ ትልልቅ ጥርስ አለው፤ ሲታሽ የሚያስጠላ ሽታ ይሰጣል፤ አበባው ረዘም ያለ ጡሩምባ ይመስላል፤ ፍሬው እሾሃም እንክብል ነው። ሁሉም ክፍሉ መርዝ ነው፤ መቀቀልም አያድነውም። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፥ የዐይኑ ብሌን ይሰፋል፥ ፊቱ ይቀላል፥ ልቡ ይመታል፤ ከዚያም ከሌለ ሰው ጋር መነጋገር ይጀምራል። አባቶቻችን አስተናግር ያሉት በከንቱ አይደለም፤ የበሽታውን ምልክት በስሙ ላይ ጽፈው አስቀምጠውልናል። እነ አትሮፒንና ስኮፖላሚን በላቦራቶሪ ሳይታወቁ በፊት ስሙ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይኖር ነበር። ቅጠል ለመልቀም የሚሄድ ሰው ገና ቡቃያ የሆነውን ባይነካና ቅጠሉን አንድ ባንድ እያየ ቢለቅም ይሻለዋል።

5ኛ፤ አሠራሩ

ያገራችን የደጋ ሳማ በላቲን ስሙ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ይባላል፤ የስሜን ሳማ ማለት ነው፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዝርያ ነው። ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲራቆትና አዲሱ እህል ገና ሳይደርስ፥ በየቤቱ ጓሮና በየከብቱ በረት ዳር ለምልሞ የሚገኘው እሱ ነው። ጠጉሩ እንደ መርፌ ሆኖ የሚያቃጥል ፈሳሽ በቆዳ ውስጥ ያፈሳል። ሲቀቀል ግን ጠጉሩ ይሰበራል፥ ማቃጠሉም ይቀራል። ቅጠሉ በብረትና በካልሲየም የበለጸገ ነው።

እማማ እንዳሳዩን አሠራሩ ይህ ነው። እጅን በጨርቅ ጠቅልሎ የጫፉን ለጋ ቅጠል ብቻ መቅጠፍ፤ ያበበውንና ያረጀውን መተው። በውሃ አጥቦ በፈላ ውሃ መቀቀል፤ ሲበስል አውጥቶ ማድቀቅ። ከዚያም ወደ ድስቱ መልሶ ጥቂት የገብስ ዱቄት ወይም ሽሮ ነስንሶ፥ ጨውና ቃሪያ ጨምሮ እስኪገነፋ ማማሰል ነው። በእንጀራ ይበላል። ዶቢ የሚባለው ዘመዱ ግን ቅጠሉ ሰፊ፥ መለብለቡም የበረታ ስለ ሆነ ጀማሪ አይንካው።

6ኛ፤ ልክ

መርዝና ምግብ የሚለዩት ብዙ ጊዜ በልክ ነው። እምቧጮን እረኞች ለጋ ግንዱን ልጠው ያኝኩታል፤ ይኮመጥጣል፥ ጥምም ይቆርጣል። ኮምጣጣነቱ የሚመጣው ከኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ ይህም ሲበዛ ኩላሊትን ይጎዳል። ጥቂት ማኘክና ምሳ ማድረግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የልክን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ከዱር ሳይሆን ከማሳ የሚገኘው ጓያ ነው። ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይቀራል። ከሌላ እህል ጋር በጥቂቱ ሲበላ የሚጎዳው ሰው አይታይም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን ነርቭን አጥቅቶ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ያም ሽባነት አይመለስም። እንግዲህ መርዙ በእህሉ ውስጥ ቢኖርም፥ ሰውን የሚያሽመደምደው ሌላ የሚበላ ማጣቱ ነው። ጓያ ለምን ትበላለህ ብሎ ድኻውን የሚነቅፍ ሰው ነገሩን አልተረዳም።

7ኛ፤ የሐሰት ደንቦች

በተማሪዎች ዘንድ ሲነገሩ የሰማኋቸውን ሦስት ደንቦች መቃወም አለብኝ። «እንስሳ የበላውን ሰው ይበላዋል» ይባላል። ሐሰት ነው። በምሥራቅ አፍሪቃ የሚኖር አንድ ጠጉራም ትልቅ አይጥ የምረንዝን ቅርፊት አኝኮ ጠጉሩን ይቀባበታል፤ የነከሰውን ውሻ ይጎዳል እንጂ እሱ አይሞትም። «የጣፈጠ ሁሉ ደኅና ነው» ይባላል። ምላስ መራራን ይለያል እንጂ መርዝን ሁሉ አይለይም። «የተቀቀለ ሁሉ ይነጻል» ይባላል። ለሳማ እውነት ነው፤ ለአስተናግር ሐሰት ነው፤ ጓያንም መርዙን ይቀንሰው እንደ ሆነ እንጂ ፈጽሞ አያነጻውም። እውነተኛው ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ ይህን ተክል በዚህ ስፍራ ለብዙ ዘመን ሲበላ የኖረ ሰው በእጁ ይዞ ካላሳየህ አትብላ።

ስሕተት ቢደርስስ? ሰዓት ሳያጠፉ በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ፤ በግድ አለማስመለስ፤ ራሱን ከሳተ ምንም ነገር በአፉ አለመስጠት፤ የበላውንም ተክል ከቅጠሉና ከፍሬው ጋር ይዞ መሄድ። ሐኪሙ መርዙን የሚያውቀው ባመጣችሁት ቅርንጫፍ ነውና።

ምን እናድርግ?

ከሕዝብ ዕውቀትና ከላቦራቶሪ መካከል ድልድይ ሊሠራ እንደሚቻል ምስክር አለን። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያሸጋግሩት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ስለ ነበሩ፥ እንዶድ በሽታውን ለመከላከል እንዲውል ዕድሜያቸውን በሙሉ ደከሙ። እንዶድ አይበላም፤ ነገር ግን ምሳሌው ለእኛ ይበቃል። እንዶድን ሴቶቹ ከጥንት ያውቁት ነበር፤ ዶክተሩም ከሴቶቹ ሥራ ዐይናቸውን አላነሡም።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ ለጓደኞቼ አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንሄድ አምስት የሚበሉ የዱር ተክሎች መዝግበን እንምጣ። ስሙን በአገሩ ቋንቋ፥ የሚበላውን ክፍል፥ ወራቱን፥ አሠራሩን፥ የሚመስለውን አደገኛ ተክል እንጻፍ። ቅርንጫፉንም ከአበባው ወይም ከፍሬው ጋር በጋዜጣ መካከል ተጭነን እናድርቅ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም የአገሪቱን ተክል አድርቆ ያስቀመጠ ቤት ነው፤ ከ1980 እስከ 2009 የተደከመበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍም በ8 ቅጽ ተጠናቅቋል። ያመጣነውን ከዚያ ጋር ብናስተያይ የላቲን ስሙን እናገኛለን። በእነዚያ ቅጾች ውስጥ የማይገኘው ግን የእያንዳንዷ እናት የድስት ዕውቀት ነው፤ እሱን መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው።

ሳማውን በልተን ስንጨርስ አንዱ ጓደኛዬ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ አሠራሩን ጠየቃቸው። እማማ በመጀመሪያ የምንቀልድባቸው መሰላቸው። እየጻፈ መሆኑን ባዩ ጊዜ ግን ቀና ብለው ተቀመጡ፤ «እንግዲያ በደንብ ጻፍ፤ ያበበው አይቀጠፍም በል» አሉት። የልጅ ልጃቸውም ከጥግ ሆኖ፥ «እሾህ የሌለው አጋም እንደሌለም ጻፍ!» አለ።

ይኸው ጻፍሁት።